ዳማውን ሊሸጡብኝ ነው

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ምን ይደበቃል። እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ የሚኖር ሰው የማይጠረጥር ከሆነ ወይ መልአክ ነው ወይ ከስሯል። አንዱ «ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ» ብሎ ይሳፈርና መናኸሪያው ጋ ዘሎ ይጠፋል። ሌላው «ጎማህ ተንፍሷል» ይልህና ወርደህ ጎንበስ ስትል ስልክህን ይዞ ይሮጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል፣ እኔ መጀመሪያ ከተመነጠሩት ወገን ነበርኩ፤ መጠርጠሩን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያን ዓመት በታኅሣሥ የአባቴ ሚዜ «ፈረሱን ሦስት ቀን ጫካ አውጥተን እናሰንብተው» ሲሉ ነገሩ ወዲያው ሸተተኝ።

ሚዜው ስል አባቴ ሲያገባ ከጎኑ የቆሙትን ሰው ማለቴ ነው። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከአባቴ ጋር እንደ ወንድም ናቸው፤ እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አያ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ግን ፈረስ ይወዳሉ። በእኛ አገር ደግሞ ፈረስ የሚወድን ሰው ከፈረስህ ጋር ብቻውን አትተወውም፤ የሥጋ ወንድምህም ቢሆን።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ነጭ ጣል ያደረገበት። ጥር ላይ ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ አባቴ በዳማው ብቅ ሲል እልልታው ሌላ ነበር። ያን ዓመት ግን አባቴን ምን እንደነካው እንጃ፣ በሬዎቹን ሸጠ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። «ምነው አባ?» ስለው «ደከመኝ፤ ጨጓራዬም አላስቀምጥ ብሎኛል» አለኝ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ከአያ ጋር «ዘመድ እንጠይቅ» ብለው ባሕር ዳር ሄደው ሁለት ቀን ቆዩ። ባሕር ዳር ዘመድ እንዳለን የሰማሁት ያኔ ነው። ሲመለሱ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው ተመለሱ። እኔም በልቤ ሒሳቡን ሠራሁ፤ በሬው ተሸጠ፣ መሬቱ ተሰጠ፣ የቀረው ዳማው ነው። አያ ጎትጉተው ሊያሸጡት ነው፤ አባቴም ሚዜውን እምቢ ማለት አፍሮ ዝም ብሏል።

ዳማው ከዚያ ግቢ ከወጣ አባቴ ምን ይቀረዋል? እውነቱን ልናገርና ለራሴም አስቤያለሁ። ዳማው ገና ውርንጭላ ሆኖ ወደ ቤታችን ከመጣ ጀምሮ፣ አንድ ቀን እኔም በጥር እወጣበታለሁ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከጫካው ጉዞ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሳልጠራ ወደ አባቴ መንደር ብቅ አልኩ። ባጃጄን አጥሩ ጋ አቁሜ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ከዳንግላ የመጣ ነጋዴ ዳማውን በሜትር እየለካ! ሰውየውን በመልክ አውቀዋለሁ። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ነጭ ኮፍያ ከራሱ የማይለይ፣ ነገር የማያበዛ ሙስሊም ሰው ነው። ከትከሻው እስከ ጭራው ለካ። ከዚያ ደረቱን፣ ከዚያ የሆዱን ዙሪያ። አያ ልጓሙን ይዘዋል። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ያያል። እኔን ሲያይ ነጋዴው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» አልኩት አባቴን፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ።

«ሊጠይቀኝ ነዋ።»

«በሜትር?»

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነበት። በርጩማውን ይዞ ወደ ቤት ገባ።

ወይ ጉድ! ዳንግላ ጋሪ የሞላበት ከተማ ነው። ዳማውን ጋሪ ሊጠምዱት ነው አልኩ። ያ በጥር ሜዳውን የሚያንቀጠቅጥ ፈረስ ሲሚንቶ ጭኖ፣ ጎኑ ተልጦ፣ በአስፋልት ዳር ሲጎትት ታየኝና ደሜ ፈላ። ያን ቀን የተሳፈረውን ሰው ሁሉ ሳመናጭቅ ዋልኩ።

ሰኞ ዕለት አያ የጫካውን ሐሳብ ያመጡት በዚህ ላይ ነው። «ዳማው ግርግር መፍራት ጀምሯል፤ ጥር ሳይደርስ ጫካ ወስደን እናለማምደው» አሉ። ዳማው ግርግር ሲፈራ እኔ አይቼ አላውቅም። አባቴን ቀና ብዬ ሳየው «አንተም ሂድ» አለኝ።

«ባጃጁስ?»

«ባጃጁ ይቁም። ገመዱን አንተ ያዝ፤ ለማንም አትስጥ።»

ይቺን ቃል እንደ ፍንጭ ያዝኳት። አባቴም ሚዜውን ጠርጥሯል፣ አውጥቶ መናገር ስላልቻለ እኔን ዘበኛ አድርጎ ላከኝ አልኩ። ዘበኝነት ደግሞ ለእኔ ሥራዬ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወጣን። አያ በጥቁሩ ፈረሳቸው፣ በጉራቻው ላይ ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ የጭነት ፈረስ ድንች፣ በሶ፣ ሸራና ሁለት ባና ተሸክሞ ይከተላል። እኔ ዳማውን እየሳብኩ በእግሬ። ጭነቱ ላይ አፉ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ ነበር። ያዘነበለ መስሎኝ ላስተካክለው እጄን ስሰድ «ተወው እሱን!» ብለው ጮኹብኝ። ለድንች እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም። እጄን ሰበሰብኩ፤ ማዳበሪያውን ግን ከዚያ በኋላ ከዓይኔ አላወጣሁትም።

ቀርቀሃውን አልፈን ኮሶና ጽድ ወደሚበዛበት ስንወጣ አየሩ ተቀየረ። ጫካው መሃል ምንጭ ያለበት ትንሽ ሜዳ አለ። ሸራውን በሁለት ዛፎች መሃል ወጠርን፣ የደረቀ የቀርቀሃ ቅጠል ጎዝጉዘን ባናችንን አነጠፍን፣ ፈረሶቹን በረጅም ገመድ ችካል ላይ አሰርን። ፍም ውስጥ ድንች ቀበርን። ነገሩን ባልጠረጥር ኖሮ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቦታ የለም፤ ፈረሶቹ ሣር ሲነጩ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ሰውን ያሳርፋል። እኔ ግን ለማረፍ አልመጣሁም።

ልምምዱ በማግሥቱ ጠዋት ተጀመረ፤ ጥርጣሬዬም ያኔ ጫፍ ደረሰ። አያ ዳማውን በወጉ ኮርቻ አስጫኑኝ። እርካብ ላይ እግሬን ላደርግ ስል «ማን ውጣ አለህ?» አሉ።

«ኮርቻ ጭኜ በእግሬ ልሄድ?»

«በእግርህ። ገመዱን አጠር አድርገህ ያዝ፤ አንተ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ቀስ ብለህ ሜዳውን ዙር። ሦስት ጊዜ።»

«አያ፣ ጥር ላይ ፈረሱን እንደ በግ የሚጎትት ሰው የት አይተው ያውቃሉ?»

«አንተ ቤንዚን እንጂ ገብስ ምን ታውቃለህ! ዙር ስትባል ዙር።»

ዞርኩ፤ ምን አደርጋለሁ። እሳቸው በጣሳ ላይ በዱላ ይደበድባሉ፣ የቀርቀሃ መለከት ይነፋሉ፣ ድንገት እጃቸውን እያወናጨፉ ከጎን ይመጣሉ። ዳማው አንዳንዴ ጆሮውን ይቀስራል፤ አንድ ጊዜም ወደ ጎን ዘለለና ትከሻዬን ሊያወልቀው ደረሰ። ያኔ የአያ ፊት ተለዋወጠ። «አይሆንም፣ አይሆንም» አሉ ለራሳቸው። «እንደገና።»

እኔ በበኩሌ ገባኝ ብዬ ነበር። የተሸጠ ፈረስ ነው፤ ገዥው ሳይረከበው እንዳይከሳ አይጋለብም። ጣሳውና መለከቱ የከተማ ጩኸት ማለማመጃ ነው፤ የባጃጅና የመኪና ጥሩምባ። ጋሪ ሊጎትት የሚሄድ ፈረስ ሰው ሲመራው ተከትሎ መሄድ አለበት። ሁሉም ነገር ልክክ አለልኝ። 

ከሰዓት በኋላ አያ «ኔትወርክ ልፈልግ» ብለው ከሜዳው በላይ ወዳለው ቋጥኝ ወጡ። ውሃ የምቀዳ መስዬ በቀርቀሃው ውስጥ ተከተልኳቸው። በአዊኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ቋንቋ ነው፣ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ንፋሱ ግማሹን ወሰደው፤ የደረሰኝ ይኼ ነው፦ «ሰውየው ቅዳሜ ይዞት ይመጣል... አይ፣ ልጁ ምንም አላወቀም።»

ልጁ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። እዚያው ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ላንቃቸው ፈለግሁ፤ ግን ሌባን በእጁ ይዞ እንጂ በወሬ ክሶ የረታ የለም። ወደ ምንጩ ተመልሼ ውሃዬን ቀዳሁ። አመሻሹ ላይ ድንቹን እያላጡ ሲያቀብሉኝ እንኳ እጃቸውን ነው የማየው። «ምነው ዛሬ ተዘጋህ?» አሉኝ። «ብርዱ ነው» አልኳቸው። ነገ በጠዋት ዳማውን ይዤ ልወርድ ቆርጬ ነበር፤ አባቴ ፊት አቁሜ «ሚዜህን ወይ ልጅህን ምረጥ» ልለው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ስነቃ የአያ ባና ባዶ ነው። ዳማው ችካሉ ላይ የለም። ማዳበሪያውም አፉን ከፍቶ ወድቋል።

ቀደሙኝ! ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ስለነበር ኮቴው ጥርት ብሎ ይታያል። የገረመኝ ግን ወደ መንደሩ አይወርድም፤ ወደ ላይ፣ ጥቅጥቅ ወዳለው ጫካ ነው የሚሄደው። ነጋዴውን በሌላ በኩል ነው የቀጠሩት አልኩ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ሽቅብ ሮጥኩ።

ብዙም ሳልሄድ ልቅሶ ሰማሁ። የወንድ ልቅሶ፤ ከሆድ የሚወጣ። «ዋይ ወንድሜን! ዋይ ጓዴን! ፈረሱን ለማን ትተህ!» ይላል። ቀርቀሃውን በእጄ ገለጥ አድርጌ አየሁ።

ዳማው ኮርቻ ተጭኖ ቆሟል። ኮርቻው ላይ የአባቴ ጋቢ ተነጥፏል። ከጋቢው በላይ የአባቴ ባርኔጣ፣ ከጎኑ የአባቴ ዘንግ ታስሯል። አያ በአንድ እጃቸው ገመዱን ይዘው፣ በሌላው ደረታቸውን እየደቁ፣ የአባቴን ስም እየጠሩ ዛፎቹ መሃል ያለችውን ትንሽ ገላጣ ይዞራሉ። እንባው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። አባቴ ደግሞ በሕይወት ነው ያለው! ቤቱ ነው ያለው!

በስመ አብ! የመሸጡ ነገር ከራሴ ላይ በረረ። ሰው በቁሙ ሲለቀስበት፣ ያውም በጫካ፣ ያውም ልብሱ ተወስዶ፣ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ያውቃል። መተት ነው። አባቴን ሊገድሉት ነው።

«አንተ ሽማግሌ!» ብዬ ዘለልኩ። በዕድሜዬ አያን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። ኮሌታቸውን ጨመደድኩ፤ ዱላዬንም አነሣሁ። «በአባቴ ላይ ነው የምታሟርተው? ልብሱን ሰርቀህ!»

አያ አልታገሉኝም። ገመዱንም አልለቀቁም። ትንሽ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «አልሰረቅሁም፤ ራሱ ነው የሰጠኝ» አሉ። «ዱላውን አስቀምጥና ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ ቁም። ቆመህ ስማው።»

ባሕር ዳር የሄዱት ዘመድ ጥየቃ አልነበረም፤ ሐኪም ቤት ነው። ጨጓራም አይደለም፤ ጉበቱ ነው፣ ከጉበቱም አልፏል። ሐኪሙ ለአባቴ ሳይሸሽግ ነገረው። አባቴም አመስግኖ «እንግዲያው ቤቴ ልግባ» ብሎ ተነሣ። በሚኒባስ ሲመለሱ፣ ዳንግላ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ብቻ ነው ሚዜውን የለመናቸው፤ የፈረሱን ነገር።

በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ይጫናል፣ የሟቹ ልብስና ዘንግ ይደረግበታል፣ ማንም ሳይቀመጥበት ከለቀስተኛው ፊት ይመራል። የሚመራው ወንድ ልጁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንደራችን ውስጥ አንድ የተከበሩ ሰው ሞተው፣ ፈረሳቸው መለከቱና ዋይታው ሲቀልጥ በረገገ፤ የሟቹን ጋቢ በጭቃ እየጎተተ አስለቃሾቹን ጥሶ ሄደ። ለቅሶው ሳቅ ሆነ። የሟቹ ሴት ልጆች ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ደግነታቸው አይወራም፤ ፈረሳቸው ነው የሚወራው። አባቴ ያን ቀን እዚያ ነበር።

«አባትህ ሞቱን አልፈራም» አሉ አያ። «ያን ሳቅ ነው የፈራ። መንደር ውስጥ ደግሞ ፈረሱን ይኼን ማለማመድ አይቻልም፤ እዚያ አንዴ ዋይ ብል አገሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ለዚህ ነው እዚህ ያመጣሁህ። ልቅሶውን አንተ ፊት ማድረግ ስላልቻልኩ ብቻዬን በጠዋት ተነሣሁ።»

«ነጋዴውስ?»

«ጥቁር ግላስ ሊሰፋለት ነዋ፣ ከኮርቻው ሥር የሚለብሰው የሐዘን ልብስ። የአባትህ የጥንት ወዳጅ ነው፤ ሌላ ሰው አይሰፋውም ብሎ ነው። ምን መስሎህ ነበር?»

ምን መስሎኝ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ሰውየው በማግሥቱ ግላሱን ይዞ ሲመጣም ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ሄደ።

«እኔ ልጁ አይደለሁም?» አልኩ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተማ ታጮኸዋለህ። ጠበል ትላለህ፣ አዲስ አበባ ትላለህ፣ ባጃጅህን ትሸጣለህ። የቀረችውን ቀን በመኪና ላይ ትጨርስበታለህ። እሱ ይኼን አልፈለገም። ገመዱን እንድትይዝለት ብቻ ነው የፈለገው።»

እውነታቸውን ነው። እዚያው አመዳዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንት ጊዜ ከአባቴ ፊት ተቀምጬ ክሳቱን እያየሁ ነበር? ሳሉን ሰምቻለሁ። ጋቢው ሲሰፋበት አይቻለሁ። እኔ ግን ሜትር ስቆጣጠር፣ ማዳበሪያ ስጠብቅ፣ ሽማግሌ ስሰልል ከረምኩ። የሰፈሩን ሌባ ሁሉ የሚያውቅ ዓይን የአባቱን ፊት ማንበብ አቃተው። በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ተነሥቼ የአያን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። «ይኼ ሌላ ቀን ይደርሳል» አሉና ገመዱን እጄ ላይ አደረጉት። «በል። እኔ አለቅሳለሁ፣ አንተ ምራ።»

መራሁ። አያ ከኋላዬ የአባቴን ስም ጠርተው ዋይ ሲሉ ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ የለመደውን የጋቢ ሽታ ተሸክሞ፣ እርምጃዬን እየጠበቀ ተከተለኝ። ሦስት ጊዜ ዞርን። በሦስተኛው እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ የልምምድ አልነበረም።

ሸራውን ነቅለን ቀትር ሳይሆን መውረድ ጀመርን። ሰው እንዳያየን በጓሮ በኩል ግቢው ስንደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያየው ዳማውን ነው። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ፣ ዓይኔ አብጦ ነበር። ማወቄን አወቀ።

«ላይ ብርዱ እንዴት ነው?»

«ያው ብርድ ነው፣ አባ።»

«ድንቹ በቃችሁ?»

«ተርፏል።»

ራሱን ነቀነቀ። አያ ጉራቻቸውን የሚያስሩ መስለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። አባቴ ባርኔጣው የተቀመጠበትን ኮርቻ አየና ቀና ብሎ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ክብረ በዓል ለማየት እንደመጣ ሰው።

«እስቲ አንዴ አዙረው፣ ልየው» አለኝ።

ገመዱን አጠር አድርጌ ያዝኩና ከአጥሩ ጥግ ጀመርኩ። ወደ በረንዳው ላለማየት መሬት መሬት እያየሁ ነው የምሄደው። ቶሎ ላልፈው ፈልጌ እርምጃዬን ሳፈጥን ዳማው ሶምሶማ ጀመረ። አባቴ ፊት ስንደርስ እጁን ከፍ አደረገ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለ። «እኔ አልቸኩልም።»

ተመልሼ ከአጥሩ ጥግ እንደገና ጀመርኩ።